አርባ ስድስት ኪሎ

ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ቤተሰቡ ሻንጣውን ከብቦ ያለቅሳል ብለው የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሻንጣ አሽገው አያውቁም። እናቴ ወደ ስዊድን ልትሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት እኛ ቤት ለማልቀስ ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ይመዝን ነበር። የተፈቀደላት ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ፣ በድምሩ አርባ ስድስት። የፊዚክስ አስተማሪው አባቴ ነጋሳ ቁጥሩን በጠመኔ የጓዳው በር ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳማ ያለው ቤታችን ውስጥ አማርኛውም ኦሮምኛውም ቀርቶ የሚነገረው ኪሎ ሆነ።

"ይቺ ስንት ትመጣለች?"

"ግማሽ።"

"ግማሽ አትሞላም።"

"ያንቺ እጅ ነው ያልሞላ።"

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጦርነት ላይም ነበርኩ። ጠላቴ የአባቴ እህት፣ አዳዳ ጉዲቱ ነበረች።

እናቴ ፋና አዳሚ ቱሉ ባለው የእርሻ ምርምር ማዕከል የከብት መኖ ታጠና ነበር። ሰኞ በጠዋት ትሄዳለች፣ ዓርብ ከሰዓት ሳር ሳር እየሸተተች ትመለሳለች። ስዊድን የሁለት ዓመት ትምህርት አገኘች። እኔንና የሦስት ዓመቱን ወንድሜን ኢፋን ማን ይያዝ ሲባል አዳዳ ከሞጆ መጣች። ሞጆ ውስጥ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ለሹፌሮች ምሳ የምታበስልበት ቤት ነበራት። "ዘግቼው መጣሁ" ስትል ሰምቼ ገበያ አጥታ ነው ብዬ ደመደምኩ። በቀን ሰባ ሹፌር የምታበላ ሴት እንደነበረች ያወቅኩት ብዙ ዘግይቼ ነው። ያኔ የነበረኝ መረጃ ሁሉ ከቦኖ የተቀዳ ነበር።

ቦኖው ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ጎረቤቴ ገላኔ፣ "የአባትሽ እህት ከገባች እኮ እናትሽን በሻንጣ ነው የምታስወጣት" አለችኝ። ገላኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ስለነበር አመንኳት።

የመጀመሪያውን ሳምንት አዳዳ አዘናጋችኝ። ገብስ ቆልታ አስፈጨች፣ በንጥር ቅቤ አሽታ ጭኮ ሠራች። ጭኮውን በትልቅ የወተት ጣሳ ጠቅጥቃ ክዳኑን ዙሪያውን በቀይ ፕላስተር አሸገችው። በጎድጓዳው ሳህን የተረፈውን በጣቴ ጠርጌ በላሁ። ከዚያም ጣሳው አጠገብ ተቀምጬ ሒሳብ ሠራሁ። መምህራችን፣ በሰሜን ያሉ ፈረንጆች ዓሣ በጥሬው ነው የሚበሉት ብለውን ነበር። እናቴ ደግሞ የዝዋይን ዓሣ ተጠብሶ እንኳ ሲቀርብላት ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጣሳው ከሄደ እናቴ ትኖራለች፣ ካልሄደ ስዊድን ውስጥ በረሃብ ትሞታለች።

ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። በእኛ ከተማ አንድ ሰው ውጭ አገር ሊሄድ ነው ከተባለ ሻንጣው የእሱ መሆኑ ያከትማል። ከቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዋ ዘርፉ ለእህቷ የሐበሻ ቀሚስ አመጣች። "ቀሚስ እኮ ነው፣ ምን ይመዝናል" ብላ አስቀመጠችው፤ ከጥልፉና ከነጠላው ጋር ሁለት ኪሎ መጣ። ጡረታ የወጡት ሹፌር አቶ ባጫ ለወንድማቸው ልጅ ሞጆ ያሰፉትን የቆዳ ጃኬት ተሸክመው መጡ። ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ወንበሩ ተንቋቋ።

"ስዊድን ብርድ ነው አሉ" አሉ አቶ ባጫ።

"እርስዎ ባይነግሩን በነጠላ ጫማ ልትሄድ ነበር" አለች አዳዳ፤ ግን ተቀበለቻቸው። ማንንም አልመለሰችም። ደጅ ላይ እየሳቀች ትቀበላለች፣ ምርቃቱን አሜን ብላ ትጨርሳለች፣ ይዛ ትገባለች።

የሚመዘነው ኡሙሰልማ መጋዘን ነበር። ኡሙሰልማ ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ እህል የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። በሰፈሩ ኩንታል የሚመዝን ባስኩል ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጃቸው ሳሊህ ስዊድን ከገባ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቴ ሁለቱን ሻንጣ በእጅ ጋሪ እየገፋ፣ እናቴ ኢፋን አዝላ፣ አዳዳ ከፊት፣ እኔ ለስለላ ከኋላ ሆነን ሄድን። መጋዘኑ ውስጥ የበርበሬ ብናኝ ስለነበር ሰላምታ የተለዋወጥነው እያስነጠስን ነው።

ኡሙሰልማ ባስኩሉ ላይ ያለውን ብረት በአንድ ጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው "ሃያ ሰባት" አሉ።

አዳዳ ሻንጣውን የጤፍ ኩንታል ላይ ከፈተችው። እጇ ወደ ዘርፉ ቀሚስ አልሄደም። ወደ እናቴ ዕቃ ነው የሄደው። የእናቴ ሽሮ ወጣ። ተመዘነ፤ አሁንም በዛ። የእናቴ በሶ ወጣ። በመጨረሻ ቀይ ፕላስተር ያለበት ጣሳ ወጣ። እናቴ አጠገቧ ቆማ ታያለች፤ ምንም አትልም። ዝምታዋን ፍርሃት ብዬ ተረጎምኩት።

ኡሙሰልማ ከሻንጣው የወጣውን ክምር አዩና፣ "ጉዲቱ፣ ይቺ ሴት ልትጾም ነው እንዴ የምትሄደው?" አሉ።

"እኛ ደግሞ መቼ ጾም እናውቃለን፣ እትዬ" አለች አዳዳ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ጴንጤ ጾም አያውቅም እያለች ገላኔ በየቀኑ ታበሽቀኝ ስለነበር፣ ንግግሩ ሃይማኖታችን ላይ የተሰነዘረ ስድብ መሰለኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጠላቶቼ ሁለት ሆኑ። የወጣው ዕቃ በማዳበሪያ ተደርጎ እዚያው መጋዘን ቀረ። አዳዳ "ነገ እወስደዋለሁ" አለች።

በማግስቱ እናቴና አዳዳ ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ጥግ ከቆመው አሮጌ በርሜል ጀርባ ቁጢጥ ብዬ አዳመጥኳቸው።

"ጭኮውን እንኳ ልመልሰው፣ ፋና" አለች አዳዳ።

"ተይው። የሰው ይሂድ።"

"አንቺስ?"

"እኔ ዳቦ አላጣም። አንቺ ግን እዚህ ብቻሽን ነሽ። ነጋሳ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነው። ኢፋ ትኩሳት ሲነሳበት የማንን በር ታንኳኪያለሽ? ኪሎው የኔ አይደለም፣ ጉዲቱ። የልጆቼ ነው።"

ከዚህ ሁሉ እኔ አንጠልጥዬ የሄድኩት የመጨረሻዋን ነው። ኪሎው የልጆቿ ከሆነ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ንብረቴ በጠራራ ፀሐይ እየተዘረፈ ነው። እናቴ አርባ ስድስት ኪሎዋን ለሰፈሩ ስታከፋፍል፣ በማትኖርባቸው ሁለት ዓመታት የምናንኳኳቸውን በሮች አንድ በአንድ እየከፈተች ነበር። ይህን ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፈዋለሁ። ያኔ ግን ማንም አላስረዳኝም፤ ቢያስረዳኝም እከራከር ነበር።

አዳዳ ማዳበሪያውን ይዛ እንደተመለሰች ገልብጬ ፈተሽኩት። ሽሮው አለ። በሶው አለ። ጣሳው የለም።

"ጣሳውስ?" አልኳት።

"እትዬ ጋ ቀርቶ ይሆናላ። ይብሉት" አለችኝና ወደ ምድጃዋ ሄደች።

ይብሉት። የእናቴን ሕይወት ነው ይብሉት ያለችው።

በጉዞው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኡሙሰልማ ጥቅላቸውን ይዘው መጡ። በአቡጀዲ የተጠቀለለ ነው፤ ጫፉ ሁሉ በወፍራም መርፌ ተሰፍቷል። "ለሳሊህ ነው" አሉ። "ሦስት ኪሎ ተኩል፤ ራሴ መዝኜዋለሁ። እንዳትፈቱት፣ ይደፋል።" አዳዳ የእናቴን ወፍራም ጫማና ሁለት መጽሐፎቿን አውጥታ ለጥቅሉ ቦታ አበጀችለት።

ሻንጣዎቹ መኝታ ቤት ገብተው እንደተዘጉ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ፓስተሩና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለሽኝት ጸሎት መጥተው ነበር። የእኛ ሰዎች ጸሎት ረጅም ነው፤ ዓይናቸውንም ይጨፍናሉ። ለእኔ ሥራ ሁለቱም ተስማሚ ነበሩ። በእግሬ ጣት ሄጄ ሻንጣውን ከፈትኩ፣ የኡሙሰልማን ጥቅል አወጣሁ፣ በቦታው የእናቴን ሽሮና በሶ አስገባሁ። ከሻንጣ ቤት የተወለድኩ ስለሆንኩ ጥቅሉን በቀኝ፣ ሽሮና በሶውን በግራ እጄ ይዤ መዝኛለሁ፤ ልዩነታቸው ከአንድ ጭብጥ አይበልጥም። ጥቅሉን ደረቴ ላይ አቅፌ በጓሮ በር ስወጣ ፓስተሩ በታላቅ ድምፅ "ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ሁሉ ግለጥ" አሉ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ጥቅሉንም ያ የዛገ በርሜል ከሥሩ በተቀደደበት በኩል ወደ ውስጥ ገፋሁት።

እናቴ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሄደች። የአዳማ ሙቀት የቤቱን ቆርቆሮ ያንጣጣው ነበር፤ እሷ የአቶ ባጫን የቆዳ ጃኬት እስከ አንገቷ ቆልፋ ለብሳለች። "ሰው የለበሰውን አይመዝኑም" ብሎ አባቴ ያመጣው ሐሳብ ነው፤ የፊዚክስ ትምህርት እኛ ቤት ውስጥ ጥቅም ላይ ሲውል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን አዳዳ እናቴን እንደ ሹፌር አልብሳ በሰፈር ፊት ያዋረደቻት መሰለኝ። እናቴ ላብ በአገጯ እየወረደ ስታቅፈኝ ጃኬቱ ሲጥ አለ።

"አዳዳን እሺ በያት" አለችኝ በጆሮዬ።

"እሺ" አልኳት። ዋሸኋት። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ምክንያቱም ሚኒባሱ ጣራ ላይ የታሰረው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ስልኩ ጮኸ። አዳዳ አነሳችው። የእናቴ ድምፅ ከመነጋገሪያው ተርፎ እኔ ድረስ ይሰማል። ዕቃውን ሁሉ ለየባለቤቱ አድርሳለች። ጃኬቱ ለልጁ ጠቦታል። ሳሊህ ግን አራት ሰዓት በባቡር ተጉዞ መጥቶ ጥቅሉ ሻንጣ ውስጥ አልተገኘም። "ደግሞ ሽሮና በሶውን ደብቀሽ አስገባሽልኝ አይደል?" አለች እናቴ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጉዲቱ። ያን ቀን ሳሊህንም ሽሮ አበላሁት።"

አዳዳ መነጋገሪያውን እንደያዘች ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

"አዎ" አለች ለእናቴ። "የእትዬን ደግሞ እኔ ረስቼው ነው። አታስቢ።"

ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄደች። ጎንበስ ብላ እጇን ከታች ከተተች፣ ጥቅሉን አወጣች፣ አቧራውን አራገፈች። አንዱን ጥግ አይጥ ቀምሶታል። በአንድ እጇ ጥቅሉን፣ በሌላው እኔን ይዛ ወደ መጋዘኑ ነዳችን።

መንገዱ ሦስት ቤት ነው፤ የመከላከያ ንግግሬን ለማዘጋጀት በቃኝ። እናቴን በረሃብ ሊገድሏት ነበር፣ እኔ አተረፍኳት፣ ማስረጃ አለኝ። አዳዳ ግን ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ኪሎ በዝቶብኝ እኔ ነኝ ያወጣሁት። መልሼ አስገባዋለሁ ብዬ ረሳሁት።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ያላደረገችውን አመነች። ፈርታኝ ነው አልኩ፤ ጠላት ሳልተኩስ እጁን ሰጠ። ለብዙ ጊዜ ይህን የመጀመሪያ ድሌ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ዛሬ በጋዜጣ ከምጽፍባቸው ሰዎች አንዱም እንዲህ በቀላሉ እጁን ሰጥቶኝ አያውቅም።

ኡሙሰልማ ጥቅሉን ተቀበሉ፣ እንደ ልማዳቸው በእጃቸው መዘኑት፣ ምላጭ አንስተው ስፌቱን ተረተሩት። ትንሽ በርበሬ ወጣ። ጥቁር አዝሙድ ወጣ። ከዚያ ቀይ ፕላስተር ያለበት የወተት ጣሳ ወጣ።

"ጣሳችን ነው" አልኩ። "ሌባ ናቸው። አዳዳ፣ ሌባ ናቸው።"

አዳዳ በመዳፏ አፌን ያዘችኝ። ኡሙሰልማ አልተቆጡም። ጣሳውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እኔን ሳይሆን አዳዳን አዩ።

"ለሷ ነበር እኮ" አሉ። "ሳሊህ በርበሬዋንና አዝሙዷን ይዞ ጣሳውን ለፋና እንዲተውላት በስልክ ነግሬው ነበር። ምግቧን እያወጣችሁ የሰው ዕቃ ስትሞሉባት አየሁ። በራሷ ሻንጣ የማይሄድ ከሆነ በኔ ጥቅል ይሂድ አልኩ። የሰው ዕቃ አታወጪም ብዬ ነዋ፣ ጉዲቱ።"

ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው ብዬ አሰብኩ። እውነቱ በሁለት ጆሮዬ ተነግሮኝ አልቀበልም አልኩ፤ ይህ ችግር አሁንም አልለቀቀኝም። አዳዳ የጤፍ ኩንታል ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ እንባዋ ወረደ። የግብረ አበር እፍረት ነው ብዬ በእርካታ ተመለከትኳት። እየሳቀች ነበር። ኡሙሰልማም ጀመሩ፤ ሁለቱ ሴቶች ጣሳውን መሃል አድርገው እያስነጠሱ ሳቁ።

"እንግዲህ ስዊድን ካልሄደ እዚህ ይበላ" ብለው ኡሙሰልማ ፕላስተሩን ላጡት። ለእኔም በማንኪያ ዘረጉልኝ። የተሰረቀ አልበላም አልኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል አልበላሁም።

አዳዳ ስለ በርሜሉ ያን ቀንም ሆነ በሌላ ቀን አላነሳችብኝም፤ እኔ ደግሞ ያሸነፍኩ ስለመሰለኝ ምሕረት አደረግሁላትና የምትለኝን እሰማ ጀመር። ደህና ዓመታት ነበሩ። ኢፋ ሁለቱን ዓመት ያደገው ኡሙሰልማ መጋዘን ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሌሊት ትኩሳት አንቀጥቅጦት አዳዳ ያንኳኳችው የእሳቸውን በር ነው፤ ሐኪም ቤት ያደረሱን አቶ ባጫ ናቸው። ኡሙሰልማ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜን ከጫማው አውጥተው ባስኩሉ ላይ ያቆሙትና የመጣውን ቁጥር በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፉት ነበር።

እናቴ ስትመለስ በመጀመሪያ የወሰዷት እዚያ ግድግዳ ፊት ነው። አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት ተኩል። አሥራ አራት። ትኩሳቱ የያዘው ሳምንት፣ አሥራ ሦስት። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ፣ እስከ አሥራ ስምንት። እናቴ በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ኪሎው የልጆቼ ነው ያለችው ያኔ ትዝ አለኝ። ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ኡሙሰልማን ሳያቸው ቀድሜ ሰላም እል ጀመር።

ይህ ሁሉ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ቤልጂየም ለሁለት ዓመት ለሕግ ትምህርት ልሄድ ሻንጣዎቹ ሳሎን መሃል ተዘርግተው ነበር። እናቴ ዚፕ ትስባለች፣ አባቴ በኤሌክትሪክ ሚዛን አያምንም፣ አዳዳ ጉልበቷን ስለሚያማት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ታዛለች።

"አዳዳ" አልኳት፣ "ያኔ እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?"

"በርሜል ውስጥ ትልቅ ሰው ከላይ ነው የሚጥለው" አለች። "ከታች በቀዳዳ የሚከት ያንቺ ቁመት ብቻ ነበር። ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ በርሜሉ ጋ በሄድኩ ቁጥር ትከተይኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ካንቺ ጋር ማን ይከራከራል፣ ሶረቲ።"

ከሰዓት በኋላ ኡሙሰልማ በባጃጅ መጡ፤ መጋዘኑ የሦስት ቤት መንገድ ቢሆንም አሁን በእግራቸው አይሄዱም። ጭናቸው ላይ በአቡጀዲ የተሰፋ ጥቅል ነበር። "ለሃፍሳ ነው፣ ለሳሊህ ልጅ" አሉ። "አንቺ ከምትሄጂበት ከተማ ነው የምትማረው። እንዳትፈቺው፣ ይደፋል።" ዓይኔን አላዩኝም። ሃፍሳ ከሳምንት በፊት በስልክ ስንነጋገር ቅመም ሆዷን እንደሚያማት፣ ከአያቷ የሚላክላትንም ለጎረቤት እንደምትሰጥ ነግራኝ ነበር። ጥቅሉን በእጄ መዘንኩት። ውስጡ የቆርቆሮ ጠርዝ ጣቴን ነካው።

"እሺ፣ አደርስላታለሁ፣ እማማ" አልኳቸው።

ሚዛኑ ሃያ ስድስት ተኩል አለ። እናቴም አዳዳም አዩኝ። የውል ሕግ መጽሐፌን አወጣሁ፣ ሁለቱን ጥራዝ አወጣሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ እየተሳደብኩ ያሰመርኩባቸውን ሁሉ ሶፋው ላይ ቆለልኳቸው። ሃያ ሦስት። ጥቅሉ ገባ።

ቦሌ ወረፋው ደርሶኝ ሻንጣዬን ስጭን የቆመችው ልጅ ፓስፖርቴን እያየች ጠየቀችኝ።

"ሻንጣውን ያሸግሽው ራስሽ ነሽ?"

በሕይወቴ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ቃል መልሼ አላውቅም። በእኛ አገር ሻንጣን ብቻውን የሚያሽግ ሰው የለም፤ ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነው፤ ይህን ለማስረዳት ሙሉ አንቀጽ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ አዳዳ መጋዘኑ ውስጥ ቆማ "እኔ ነኝ" ስትል ታየችኝ።

"አዎ" አልኳት። "እኔ ነኝ።"